ቀይዋን ልሸጥ ቡሬ ድረስ

አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ወዳጅ አለው፤ «አንዴ ላሽከርክራት» የሚለውና «መቼ ነው የምትሸጣት» የሚለው። ባለቤቴ አዜብ ከሁለተኛው ወገን ናት። እኔ ደግሞ፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ ግትር ነኝ። ቀይዋ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ስድስት ማርሽ ያላት፣ ከመሬት ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ጉደኛ መኪና ናት። ከወጣትነቴ ጀምሮ የተመኘኋት፣ ጎልምሼ ያገኘኋት እሷን ነው። ነዳጅ ሲወደድ ቻልኩት። ታክስ ሲጨመርበትም ቻልኩት። እያደር ግን ማውጣቱ እየከበደኝ መጣና ቀይዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ መቆም ሥራዋ ሆነ። አንድ ጠዋት አዜብ ሸራውን እያራገፈች «ሰይፉ፣ ወይ ንዳት ወይ ሽጣት። እኔ የሸራ አጣቢ አይደለሁም» አለችኝ። ምን ይባላል? እሸጣታለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ገዢው ከወደ ቡሬ ተገኙ። አቶ ደምሴ ይባላሉ፣ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ፎቶዋን አይተው ደወሉልኝ። «እኔ በርበሬዬን ጥዬ መምጣት አልችልም። ይዘዋት ቢመጡ እንግዳዬ ይሆናሉ። ካልተስማማንም አገር አይተው ይመለሳሉ» አሉኝ። መንገዱ ሰላም ነው ሲሉኝ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ቀን

እስከ ሱሉልታ የሸኘኝ ሳሚ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ተሰብስበን የየመኪናችንን ኮፈን ከፍተን የምናወራ ወዳጆች አሉን፤ የሁላችንም አፍ ሳሚ ነው። ማደያው ላይ ቆመን ስናስሞላ ጀመረው።

«ነዳጅ ላይ ታክስ የሚጥል ሰው መኪና ወዶ አያውቅም! ሲጋራ ላይ ይጣል፣ አረቄ ላይ ይጣል፣ እሺ። እኔ የሞተር ድምፅ በመውደዴ ማንን ጎዳሁ? ደግሞ አሁን የነዳጅ መኪና ማስገባት ቀርቷል። ይህችን ከሸጥክ እህቷን አታገኛትም። ኤሌክትሪክ ገዝተህ እንደ ፍሪጅ ሰክተህ ልትተኛ ነው?»

የልቤን ነው የሚናገረው። ሳሚ ሲጮህ ግን ሁልጊዜ ተቃራኒውን መናገር ያምረኛል። «መንገዱስ በምን ይሠራ?» አልኩት።

«የትኛው መንገድ?» አለኝ። ስቀን ተለያየን።

የዓባይን በረሃ ስወርድ ልሸጣት መሆኔን ረስቼ ደስ አለኝ። ጠመዝማዛው ላይ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ መልሶ ሁለተኛ፤ ሞተሯ ገደሉን እየመታ ድምፁ ይመለስልኛል። ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና ባይደቀን ኖሮ ድልድዩ ድረስ እየዘፈንኩ እወርድ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና እጁን አውጥቶ በአክብሮት አሳለፈኝ። የአዲስ አበባ ሹፌር ቢሆን ይዘጋብኝ ነበር።

ደብረ ማርቆስ ምሳ በላሁ። አንድ ጥብስ አዝዤ የመጣው ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው። «ተሳስታችኋል፣ የአንድ ሰው ነው ያልኩት» ብላት አስተናጋጇ አየት አደረገችኝና «እርስዎ አንድ ሰው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። እኛ ሰፈር በዚህ ገንዘብ ሥጋውን ሳይሆን ሽታውን ነው የሚያቀርቡልህ።

ፍኖተ ሰላም የገባሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ዋናው መንገድ በባጃጅና በፈረስ ጋሪ ተሞልቷል። ከአንድ ጋሪ ኋላ ተሰልፌ በእግረኛ ፍጥነት ስሄድ፣ ባለ ጋሪው ዞሮ «ጋሼ፣ የስንት ፈረስ ጉልበት አላት?» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ «ከሁለት መቶ በላይ!» አልኩት።

«እንግዲያ ምነው ከኔ ከአንዷ ኋላ ቀረች?»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ?

ያደርኩበት አልቤርጎ ባለቤት፣ ፈጣን ወይዘሮ ናቸው፣ ቀይዋን ሲያዩ ከዛፍ ጥላ ሥር ታስሮ የነበረውን የራሳቸውን ፈረስ አስፈትተው ቦታውን ለሷ ሰጡ። «ኧረ ፈረሱ ይቆይ» ብላቸው «እሱ የቤት ልጅ ነው፣ እሷ እንግዳ ናት» አሉኝ። ማታውን ቤታቸው የበሰለ ማንጎ በሳህን ላኩልኝ። ሂሳብ ላይ ብፈልገው አልተጻፈም።

ሁለተኛው ቀን

ቀይዋ ነዳጅ ስትጠጣ አይጣል ነው፤ በረሃውን ወርዳ ወጥታ ታንከሯን አራግፋለች። በጠዋት ማደያ ሄድኩ። ሰልፉ ዋናውን መንገድ ይዞ ተዘርግቷል፤ አብዛኛው ባጃጅ ነው። ከፊቴ ያለችውን ባጃጅ የምትነዳው ትርንጎ የምትባል ወጣት ናት፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ መሪውን ተደግፋለች። ወርዳ ቀይዋን ዞራ ዞራ አየቻትና «ጋሼ፣ ሥራዋ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«እንዴት ሥራዋ?»

«ማለቴ፣ ሰው አትጭን፣ ኩንታል አትጭን።»

«ትሮጣለች» አልኳት።

«ወዴት?»

እኔ ሰይፉ፣ እሑድ እሑድ ስለ መኪና ስለፈልፍ የምውለው ሰውዬ፣ ለዚህች ቃል መልስ አጣሁ! ወሬ ለማስቀየር ስለ ታክሱ አነሣሁባት፤ እንደ ሳሚ የምትጮህ መስሎኝ። ትርንጎ ግን አልጮኸችም።

«እኔ ለእንጀራዬ እቀዳለሁ፣ እርስዎ ለደስታዎ ይቀዳሉ። ታክሳችን እኩል ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይቺ ናት» አለች። ፊቴ መክፋቱን አይታ ነው መሰል ቶሎ ብላ ጨመረች፤ «ደስታዎን ተመቅኝቼ አይደለም። ብቻ ደስታ ትንሽ ጨምሮ ቢከፍል፣ እንጀራ ትንሽ ቢቀነስለት ምናለ?»

ሳሚ ቢሰማት በስልክም ቢሆን ይጣላት ነበር።  ወዲያው ቤንዚኑ ሊያልቅ ነው የሚል ወሬ ከፊት ወደ ኋላ መጣ። ሰው መጯጯህ ጀመረ። ትርንጎ ወደፊት ሄደችና «እናንተ፣ እኒህ ሰው የሩቅ እንግዳ ናቸው። ቡሬ ሰው ይጠብቃቸዋል። ይቅደሙ!» አለች። እንግዲህ አዲስ አበባ ቢሆን ይህን ያለ ሰው በዱላ ነው የሚመለሰው። እዚህ አንዱ አጉረመረመ፣ ሌላው «እንግዳማ ይቅደም» አለ፣ ባጃጆቹ እየተገፉ መንገድ ከፈቱልኝ።

ሞልቼ ስወጣ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። ቀጂው ቱቦውን ሰቅሎ መግቢያው ላይ በርሜል እያንከባለለ ነው። አልቋል። ለትርንጎ አልደረሳትም። ቆሜ ልመለስ ብል በእጇ «ይሂዱ ይሂዱ» አለችኝ፤ በጥርሷ እየሳቀች። እንጀራዋን ቆርሳ ለደስታዬ ሰጠችኝ ማለት ነው። እስከ ማንኩሳ ድረስ ሞተሩ አልጣመኝም።

ቡሬ ከተማዋ ሳትታይ አስነጠሰችኝ፤ በየደጁ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። የአቶ ደምሴ ሱቅ ግን ዝግ ነው። ስደውል «የወንድሜ ልጅ ነገ ትዳራለችና ገጠር ነኝ፣ በሽንዲ መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ይምጡ፣ እዚችው ናት! ጠጠር ቢሆንም መንገዱ ደህና ነው» አሉኝ። ጎጃም ውስጥ «እዚችው ናት» ሲሏችሁ ስንቅ ያዙ። «መንገዱ ደህና ነው» ሲሏችሁ ደግሞ ለማን ነው ደህና ብላችሁ ጠይቁ። ለበቅሎ ደህና ነው። ቀይዋ ከዋናው ጠጠር ወጥታ ወደ መንደሩ እንደታጠፈች ሆዷ አንድ ጉብታ ላይ ተቀመጠ፤ ጎማዎቿ አየር ይዝቃሉ። የዘይት ኮፓዋ ተበሳ ብዬ በደረቴ ተኝቼ ሳይ፣ ተመስገን፣ ጭረት ብቻ ነው። አፈር ለብሼ ስነሣ እህል ከሚወቁበት አውድማ ገበሬዎች መንሻቸውን ይዘው ሲሮጡ ደረሱ።

ከፊት የሚመሩት ጋቢ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አያ ቢያድግልኝ፣ የአቶ ደምሴ ታላቅ ወንድም፣ የሙሽሪት አባት። ዞረው ዞረው አዩአት።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የዚችስ አባት ማነው?» አሉ።

«የሩጫ መኪና ናት፣ አያ። ፍጥነቷ...»

«ያየነው ነው።»

ሰዉ ሳቀብኝ። ግን እየሳቁ ነው የከበቧት። «በል፣ አንድ ላይ፣ ሆ!» ብለው ቀይዋን ከነመሪዋ አንሥተው እንደ አራስ ልጅ ሜዳው ላይ አኖሯት። እኔ ተናድጃለሁ፤ በጉብታው፣ በመንገዱ፣ በሁሉም። «ከምቀዳት ከእያንዳንዷ ሊትር ለመንገድ ተብሎ ታክስ እከፍላለሁ! የታለ መንገዱ?» አልኩ።

አያ ቢያድግልኝ የመጣሁበትንም የምሄድበትንም አቅጣጫ ተመለከቱ። «እኛ ዘንድ ገና አልደረሰም። እስኪደርስ ትከሻ አለን» አሉኝ።

ቤታቸው ድንኳን ተጥሏል፣ ጠላ ተጠምቋል፣ ቤተ ዘመዱ ይራወጣል። አቶ ደምሴ ቀይዋን ሲያዩ እንደ ልጅ ፈነደቁ፤ ዕድሜያቸው ከኔ ይበልጣል። «በርበሬ ሳተርፍ ፀጉሬ ሸበተ። አንድ ነገር ያለ ትርፍ ልውደድ» አሉኝ። ይህን ያለ ሰው ወዳጄ ነው፤ ወዲያው ወደድኳቸው። ታላቅየው ግን «ሁለት ሰው ጭና የሞላች መኪና» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

አያ ቢያድግልኝን የከፋቸው ሌላ ነገር እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በረቱ ጥግ አንዲት ሰጋር በቅሎ ቆማለች፤ ስትረግጥ ወንበር ላይ የተቀመጥክ የምትመስልህ ዓይነት ናት ይላሉ። የኋላ እግሯን እንጨት ወግቷት ታነክሳለች። የዚያ ቤት ሴት ልጅ ከአባቷ ደጅ የምትወጣው በአባቷ በቅሎ ነው፤ ታላላቅ እህቶቿም እንዲሁ ወጥተዋል፣ የጎረቤት ልጆችም በዚችው በቅሎ ተድረዋል። በተውሶ በቅሎ ልጅ መዳር ለሳቸው ሞት ነው። ከተማ ያሉ ወንዶች ልጆቻቸው «ገብስ ከመጨረስ ሌላ ሥራ የላትም፣ ሽጧት» እያሉ ሲጨቀጭቋቸው ኖረዋል።

«ገብሷን ሲያዩ ያጉረመርማሉ፣ ሙሽራ ስታወጣ ያጨበጭባሉ» አሉኝ፣ ጀርባዋን እያሻሹ። «እርስዎስ ቤት እንዲህ ይላሉ?»

«ባለቤቴ ትላለች» አልኳቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈታ አለ። «ገብሷን ብቻዎን ነዋ የሚያበሏት» አሉኝ። በነሱ አገር በቅሎ የተዋሰ ሰው ሲመልስ ገብስ ይዞ ነው የሚመጣው። አገር የሚኮራባትን አገር ያበላታል።

አቶ ደምሴ ፈራ ተባ እያሉ «ወንድም ጋሼ፣ በመኪናዋ ትውጣ። ነገ የኔ ናት፣ የኔ ከሆነች የእርስዎ ናት። ተውሶ አይባልም» አሏቸው። ሽማግሌው ጭራቸውን ይዘው ወጡና ከበራቸው እስከ ጉብታው ያለውን መንገድ ሲያዩ አመሹ። 

ሦስተኛው ቀን

በዶማ ድምፅ ነቃሁ። ስወጣ፣ ወይ ጉድ! አያ ቢያድግልኝ ጭራቸውን ይዘው መንገዱ መሐል ቆመዋል፤ መንደሩ በሙሉ ደቦ ወጥቷል። ጉብታውን ይንዳሉ፣ ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ቦዩን በጭድና በአፈር ይደለድላሉ። ከበራቸው እስከ ሽንዲው ጠጠር ድረስ ለቀይዋ መንገድ እየሠሩ ነው! አንዲት ሴት አፈር በቅርጫት ተሸክማ ስታልፍ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለችኝ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ታክስ ከፍዬ መንገድ ተሠራልኝ ብዬ አላውቅም ነበር። አለቀስኩ ብላችሁ አትመኑኝም፣ ግን ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ ብዬ አበስኩ።

ሙሽራው ከቡሬ ከነሚዜዎቹ ሲደርስ ነው ስህተታችን የተገለጠው። ማንም አላሰበውም! በወጉ ሙሽሪትን በቅሎ ላይ ከኋላዋ ተቀምጦ አቅፎ የሚወስዳት አንደኛው ሚዜ ነው። ቀይዋ ሁለት ወንበር ነው ያላት። ሙሽሪትና እኔ ከገባን ሚዜው የት ይግባ? ሚዜው ይንዳት ቢባል መንዳት አይችልም። የሙሽራው ወገን «ከማያውቁት ወንድ ጋር ብቻዋን አትወጣም» አለ። የሙሽሪት ወገን «መንገዱን ሠርተናል፣ በእግር አትወጣም» አለ። ዘፈኑ ቆመ። ሽማግሌዎች ወደ ጎን ወጡ። አያ ቢያድግልኝም ጭራቸውን ይዘው ተከተሏቸው። እኔ ባልመጣ ኖሮ እኮ ሌላ መላ ይፈልጉ ነበር።

አያ ቢያድግልኝ ቆይተው ተመለሱና በቀጥታ ወደኔ መጡ። ከመጣሁ ጀምሮ አንቱ ሲሉኝ የነበሩት ሰው «አንተ ና» አሉኝ። «የማያውቁት ወንድ አይወስዳትም። ሚዜ ግን ይወስዳታል። አንተም ከሚዜዎቹ ጋር ማልላትና ግባ።»

በዚህ ዕድሜዬ፣ በራሰ በራዬ፣ ሚዜ ሆንኩ! ሙሽሪት ይታይሽ እጇን ዘረጋች፣ ያዝኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ናት። ብትታመም ልጠይቃት፣ ብትጠቃ ልደርስላት፣ ለመልሷ ልገኝላት» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ማልኩ። አንደኛው ሚዜ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው፣ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። እልልታው ሲቀልጥ ቀይዋን አስነሣሁ። እሷም አብራ እልል አለች፤ በፈረስ የመጡት አጃቢዎች ፈረሶቻቸውን መያዝ አቃታቸው።

አባትየው «በበቅሎ እርምጃ» ብለው አዝዘውኛልና በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን እያቃጠልኩ ሄድኩ። ይታይሽ ተሸፋፍና አንገቷን ደፍታለች። እያለቀሰች ነው ብዬ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሣሁም። ቡሬ ልንገባ አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ግን ከሻሹ ሥር ድምፅ መጣ።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ሩጫ ያሉት ይህንኑ ነው?»

«አባትሽ በበቅሎ እርምጃ ብለውኛል።»

«አባቴ አሁን አያዩንም።»

ከፊታችን አስፋልቱ ጭር ብሎ ተዘርግቷል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ አስገባሁ። ይታይሽ ሻሿን ወደ ኋላ ጥላ ጮኸች፣ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ «እናቴን!» ብላ እንባዋ ወረደ፤ እየሳቀች ነው የምታለቅሰው። ያን ጊዜ ትርንጎን አስታወስኳት። ወዴት ነው የምትሮጠው ላለችኝ መልሱ ይህ ነበር።

አራተኛው ቀን

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሐሳቤን ለውጬ ነበር። ሳሚም ደውሎ «እንዲህ ያለ ነገር ሠርታልህ ትሸጣታለህ?» አለኝ። አዜብ ጋ ደወልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ስቃ ስቃ «ሚዜ!» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ «እዚህ ብትመልሳት የት ትሄዳለች፣ ሰይፉ?» አለችኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሸራው ሥር።

ቡሬ፣ አቶ ደምሴ ሱቅ ደጃፍ፣ በዋጋው ተስማምተን ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ልቤ ተሰበረ፤ ሌላ ቃል የለውም። አያ ቢያድግልኝ ቆመው አይተው ለወንድማቸው «የአገሩን ሙሽራ ታወጣለህ» አሏቸው። «የተዋሰህም ገብሷን ይዞ ይመጣል።» ከዚያ አንድ ቢጫ ጀሪካን ከአጥሩ ሥር አንሥተው ወደኔ መጡ። ቤንዚን ነው፤ አፍ እስከ አፉ። የመንደሩ ሰው ሠርጉን ትቶ ማደያ ተሰልፎ፣ ከየሞተር ሳይክሉም እየቀዳ ያጠራቀመው ነው።

«አያ፣ መኪናዋ እኮ የኔ አይደለችም» አልኳቸው።

«ልጄን ስታወጣ ያንተ ነበረች። ገብሱ ያንተ ነው» አሉኝ። «ለመልሷ በአውቶቡስ ናልን፣ ሚስትህንም ይዘሃት ና።»

ጀሪካን ተይዞ የሕዝብ መኪና ውስጥ መግባት አይቻልምና አቶ ደምሴ በቀይዋ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሸኙኝ። በዚያች መኪና የቀኝ ወንበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ጀሪካኑን በእግሮቼ መሐል ይዤ መንገዱን አየሁ። ለካስ ከዚያ በኩልም ታምራለች። አቶ ደምሴ አይሱዙ ሲነዱ የኖሩ ስለሆኑ ማርሽ ያዘገያሉ፤ ሦስቴ ልናገር ብዬ ዋጥኩት።

ትርንጎን ከነባጃጇ መናኸሪያው ጋ አገኘኋት። ተቃቅፈን ተሰነባብተን አቶ ደምሴ ወደ ቡሬ ዞሩ፤ እኔ ጀሪካኑን ከእግሯ ሥር አኖርኩላት። ሽታው ሲደርሳት ዓይኗ ፈጠጠ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ገብስ ነው፤ ለሙሽራ የተሰጠ። ያን ቀን ከአፍሽ ለሰጠሽኝ።»

ልትግደረደር ስትል «ታክሱም ተከፍሎበታል» አልኳት። ሳቀች፤ ጀሪካኑን ከኋላ አስቀምጣ እኔን ከጎኑ ጫነችኝና ጉዞዬ ነገ ስለሆነ ወደ አልቤርጎዬ ነዳችልኝ። ሒሳብ ብላት አልሰማችም።

ገና እንደተነሣን ነው ከኋላችን፣ ከወደ ቡሬ መንገድ፣ ያንን ድምፅ የሰማሁት። ቀይዋ ከተማውን ለቅቃ አስፋልቱን ይዛለች። ሁለተኛ ላይ ጮኸች፣ ጮኸች፣ አሁንም ጮኸች።

«ሦስተኛ አስገባ! አስገባ እንጂ!» ብዬ ባጃጅ ውስጥ አፈነዳሁት።

ትርንጎ ደንግጣ ዞረች። «እኔን ነው ጋሼ?»

የዚያን ጊዜ ማርሹ ገባ። ድምፁ ለሰለሰ፣ ራቀ፣ ጋሪዎቹ ሸፈኑት።

«አዎ፣ አንቺን ነው» አልኳት፣ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ።